ደም ይፈርዳልን? ስለ «ብሌድ» ፊልም

ስለ አንድ ፊልም ይህን ያህል ክርክር በግቢያችን ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ቫምፓየር እያደነ የሚገድለው የ«ብሌድ» ታሪክ በአዳራሻችን ከታየ ወዲህ በምግብ ሰልፍ ላይ፣ በመኝታ ክፍል፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ሳይቀር የሚወራው እርሱ ሆኗል። አንዱ ወንድማችን «የቆዳ ካፖርትና ጥቁር መነጽር ነው፤ ሌላ ምን አለበት?» ሲል ይሰማል። ሌላው «ጥቁር ሰው እንዲህ ገንኖ በሲኒማ ሲታይ ልቤ ይሞቃል» ይላል። ሦስተኛው አስተያየት ከመምህራን ወገን የመጣ ሲሆን፣ ይህን ያህል ደም የሚንዠቀዠቅበት ነገር ለተማሪ አእምሮ ምን ይፈይዳል የሚል ነው።

እኔ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በዕረፍት ጊዜ አልዱባ ላይ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ነበር፤ ሁለተኛውን እዚሁ አዳራሻችን አየሁት። የሁለቱ ቦታ ተመልካቾች አስተያየት እጅግ የተራራቀ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ይልቁንም ከአልዱባው የተማርሁት ከአዳራሹ ከሰማሁት ስለሚበልጥብኝ፣ ብዕር ለማንሣት ተገደድሁ። ከአሁኑ ልናገርና ፊልሙን ወድጄዋለሁ። የማልወድለትም ነገር አለ፤ እርሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱንም የእኛ ነው ካላልሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ። ብሌድ መጀመሪያ ብቅ ያለው በሥዕል በሚተረክ መጽሔት ላይ ነው። ማርቭል የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ «የድራኩላ መቃብር» በሚለው ተከታታይ መጽሔቱ 10ኛ ቁጥር ላይ በ1973 ዓ.ም. አወጣው፤ ደራሲው ማርቭ ዎልፍማን፣ ሠዓሊው ጂን ኮላን ነበሩ። ፊልሙ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ስቲቨን ኖሪንግተን አዘጋጀው፣ ዴቪድ ጎየር ጻፈው፣ ዌስሊ ስናይፕስ ተጫወተው። 45 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከ130 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ዛሬ ዓለሙን ያጥለቀለቁት የማርቭል ፊልሞች፣ ከ2000ው «ኤክስ ሜን» እና ከ2002ቱ «ስፓይደር ማን» ጀምሮ፣ የተከተሉት እርሱ በጠረገው መንገድ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በቫምፓየር ተነክሳ ሆስፒታል ትገባለች፤ እርስዋ ስታልፍ ሕፃኑ ይወለዳል። ሕፃኑ እኩሌታው ሰው፣ እኩሌታው ቫምፓየር ይሆናል። የቫምፓየሮቹ ኀይል አለው፤ እነርሱን የሚያቃጥላቸው የፀሐይ ብርሃንም አይነካውም፤ የደም ጥማታቸው ግን በውስጡ አለ። ዊስለር የተባለ ሽማግሌ አሳድጎታል፤ ጥማቱን የሚያስታግስ መርፌ ይወጋዋል፤ መሣሪያም እየሠራ ይሰጠዋል። በሌላው ወገን ፍሮስት የተባለ ወጣት ቫምፓየር አለ፤ አለቆቹን አጥፍቶ አምላክ ለመሆን የሚፈልግ ነው። የተቀረው ሰይፍና ጥይት ነው።

የጥቁር ሰው ኩራት የሚለውን አስተያየት አልንቀውም። በ1972 ዓ.ም. «ብላኩላ» የተባለ ፊልም ወጥቶ ነበር። በዚያ ፊልም አንድ የአፍሪካ ልዑል የባሪያ ንግድ እንዲቀር ለመማለድ ከድራኩላ ቤት ይሄዳል፤ ድራኩላም ነክሶ በሣጥን ይቆልፍበታል። በዚያ ጊዜ ለጥቁሩ ተዋናይ የተሰጠው ቦታ የተነከሰው ሰው ቦታ ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ ብሌድ አዳኝ ሆኖ መጣ፤ ሁላችን የጮኽንለት «ብላክ ፓንተር» ደግሞ የወጣው በ2018 ዓ.ም. ነው። ስናይፕስም በ2024 ዓ.ም. ያንኑ ካፖርት ለብሶ ለጥቂት ደቂቃ በሌላ ፊልም ላይ ብቅ ሲል ተመልካች አልረሳውም ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጀግናው ጥቁር መሆኑን አይተን ብቻ ብንወጣ ከፊልሙ ሲሶውን ብቻ አየን ማለት ነው።

እስቲ አሁን ወደ አልዱባ ልውሰዳችሁ።

አልዱባ ገበያው ማክሰኞ ነው። በናው፣ ፀማዩ፣ አሪው፣ ሐመሩ ማር፣ ቅቤ፣ ፍየል፣ ማሽላ፣ የቡና ገለፈት ይዞ ይገናኝበታል። ቪዲዮ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ገበያው ሲላላ ይሞላል። እኔ በገባሁ ቀን ከፊት አግዳሚ ላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር፤ ከኋላ ደግሞ ቦርኮቶአቸውን ይዘው የገቡ የበና ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ለጓደኞቹ እየተረጎመ ጮክ ብሎ ይናገራል።

ፊልሙ ገና ሲጀመር አንድ ታዋቂ ትርኢት አለ። ከቄራ በስተጀርባ በተሸሸገ የጭፈራ ቤት ውስጥ ቫምፓየሮቹ ሲጨፍሩ ከጣራው ደም እንደ ዝናብ ይወርድባቸዋል። በአዳራሻችን በዚህ ጊዜ የተሰማውን ታስታውሳላችሁ፤ ግማሹ ዓይኑን ሸፈነ፣ ግማሹ «ኧረ በስመ አብ!» አለ። አልዱባ ላይ ግን ዓይኑን የሸፈነ አላየሁም። አንድ አባት በጥሞና ሲመለከቱ ቆይተው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ወጣቱ ሲተረጉምልኝ «ይህን ሁሉ ደም ያለ ቅል መሬት ላይ የሚደፉት፣ ከብቱ የማን ነው?» ብለው ነበር።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ በልቤ ተመላለሰ። በበናም፣ በሐመርም፣ ከወዲያ በሙርሲም ደም ምግብ ነው። የከብቱ አንገት በጠፍር ይጠበቃል፤ ሥሩ ሲወጠር ጠልቆ እንዳይገባ ተደርጎ በተሠራ ቀስት ይወጋል፤ ደሙ በቅል ይቀዳል፤ ጠፍሩ ሲፈታ መፍሰሱ ይቆማል። ከብቱም ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ደሙ ከወተት ጋር ተቀላቅሎ ይጠጣል፤ በችግር ወራት ቤተሰብ የሚያሻግር ምግብ ነው። እንግዲህ እኒያ አባት በፊልሙ ላይ ያዩት ነውር ደም መጠጣቱን አይደለም። ባለቤቱ የማይታወቅ ደም መሆኑን፣ ሳይለካ መፍሰሱን፣ የተቀዳለትም ፍጡር ወደ ግጦሹ አለመመለሱን ነው።

በአዳራሻችን ያለነው ግን ፍርዳችንን የሰጠነው ገና ደሙን ስናይ ነው። የሚጠጣው ሁሉ አውሬ ነው ብለን ደመደምን። ሃይማኖታችን ደም እንዳንበላ እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ እንዲህ ነው፤ እኔም አልጠጣም። ነገር ግን ቁርጥ ሥጋ በሚጥሚጣ ሲያጣጥም የሚውል ወንድማችን ከበና ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ ስክሪኑን እያሳየ «ያንተ ዘመዶች» ሲለው ስሰማ፣ ከሁለቱ ማን ማፈር እንዳለበት ግልጽ ሆኖልኛል።

ሁለተኛው የአልዱባ አስተያየት በቃል የተነገረ አይደለም። እናቲቱ ሕይወቷ ሲያልፍና ሕፃኑ ሲወለድ ያ ጫጫታ የሞላበት ቤት ጸጥ አለ። ከዚያም አንዲት በር ላይ ቆማ የምታይ ሴት አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ተርጓሚው ወጣት መልስ ሳይሰጣት ዝም አለ። ኋላ ስጠይቀው «አሳደጉትን?» ነው ያለችው አለኝ።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ የደቡብ ኦሞ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በሐመር፣ በበናና በካራ ዘንድ ሚንጊ የሚባል ነገር አለ። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ፣ ወይም ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተጸነሰ ሕፃን ዝናብ ያስቀራል፣ ከብት ይፈጃል፣ በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራል። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ብዙ ሕፃናት ከሰው ተለይተው ሞተዋል። ይህን የምጽፈው የሰፈሩን ሕዝብ ለማዋረድ አይደለም፤ ዝናብ በቀረ ጊዜ መንደር ሙሉ የሚያልቅበት አገር ፍርሃቱም የዋዛ አይሆንም። ልማዱን ያስቀረውም የከተማ ስብከት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ራሳቸው ተሰብስበው ይቅር ብለዋል። ከካራ የተወለደው ላሌ ላቡኮ፣ ሁለት ታላላቅ እኅቶቹ ሳይወለድ በፊት በዚሁ ምክንያት መሞታቸውን በወጣትነቱ የሰማ ሰው፣ ሽማግሌዎቹን እየለመነ ሕፃናቱን ተቀብሎ ጂንካ ላይ አሳድጓል። ይህም ሥራው በ2015 ዓ.ም. በወጣ ዘጋቢ ፊልም ተመዝግቧል።

ብሌድን በዚህ ዓይን እዩት። ሲወለድ እርግማን ይዞ የመጣ ሕፃን ነው። በልጅነቱ መንገድ ላይ እያደረ ሰው ይነክስ ነበር፤ ስለዚህ የፈሩት ሰዎች ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ዊስለር ያገኘው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው። ሚስቱንና ሴቶች ልጆቹን ቫምፓየር የፈጀበት ሰው ነበርና መሣሪያውን አንሥቶ ሊገድለው ነበር። ልጁ ምን እንደ ሆነ ሲያስተውል ግን እጁን መለሰ። ፊልሙ ይህን በጥቂት ቃል ተናግሮ ያልፈዋል፤ ለእኔ ግን ከሰይፉ ሁሉ ይልቅ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የምናጨበጭብለት ጀግና አንድ ሽማግሌ ልማዱን ስላቋረጠ ብቻ የተገኘ ጀግና ነው። የካራ ሽማግሌዎችን ውሳኔ ከዚህ ጋር ማስተያየት የፊልሙን ክብር ከፍ ያደርግ እንደ ሆነ እንጂ የእነርሱን ዝቅ አያደርግም።

አንዲት የክፍል እኅታችን ደግሞ እኔ ያላሰብሁትን ተናገረች። «ስለ ልጁ ሁላችሁ ትከራከራላችሁ፤ ስለ እናቱ ግን ማን ተናገረ?» አለች። እውነቷን ነው። በመጨረሻው ላይ እናቲቱ አለመሞቷ ይታወቃል። ቫምፓየር ሆና ከነከሳት ከዚያው ከፍሮስት ጋር ትኖራለች፤ ልጅዋም በገዛ እጁ ይገድላታል። በአዳራሹ ያን ጊዜ ጭብጨባ ነበር። እኅታችን ግን ሴቲቱ ሳትወድ ተነከሰች፣ ሳትወድ ልጅዋን ተቀማች፣ ዳኛም ሳይጠይቃት ሞተች፤ ለምን ታጨበጭባላችሁ ብላ ወቀሰችን። ስለ ሚንጊም ሲወራ ሕፃኑን እንቈጥራለን፣ ልማዱን እናወግዛለን፤ ያቺ ጡቷ ወተት እንደ ቋጠረ ባዶ እጅዋን ወደ ቤት የገባች እናት ግን በአብዛኛው ክርክራችን ውስጥ ስምም የላትም።

አሁን የጽሑፌ ዋና ነገር ወደ ሆነው ልግባ። ፊልሙ በአዳራሻችን ከመታየቱ በፊት በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ ምን ይል ነበር? በትልቁ «ቡዳ አዳኙ» ይል ነበር። የጻፈው ወንድማችን በክፋት እንዳልጻፈው አውቃለሁ። «ቫምፓየር» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ፈልጎ ነው። ሰው ይበላል፣ ሌሊት ሌሊት ይዞራል፣ ዓይኑ ያስፈራል የሚባለው በእኛ ዘንድ ማን ነው ብሎ አስቦ ቡዳን አገኘ። ብዙዎችም በትርጉሙ ተደስተው ሣቁ።

ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ቫምፓየር የሚባል ሰው በጎረቤታችን የለም። ድራኩላን ብራም ስቶከር በ1897 ዓ.ም. ጻፈው እንጂ ድራኩላ ተብላ ከገበያ የተባረረች ሴት የለችም። ቡዳ የተባሉ ሰዎች ግን አሉ። ስማቸውም በተረት መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት፣ ቆዳ የሚያለፉት ናቸው። በሰሜኑም በደቡቡም እንዲሁ ነው። ልጅ ሲታመም የሚጠረጠሩት እነርሱ ናቸው፤ ጋብቻ ሲታሰብ የሚቀሩትም እነርሱ ናቸው። አጼ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው በአዋጅ ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ስድቡ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፎ ሲለጠፍ ማንም አልደነገጠም።

ይባስ ብሎ ደግሞ የጀግናውን ስም አስቡት። ብሌድ ማለት ስለት ማለት ነው። ስለቱን ማን ይሠራዋል? ከጂንካ ዙሪያ እስከ አልዱባ ገበያ የሚሸጠውን ቢላዋ፣ ማጭድና ዶማ የሠራው የአሪ ብረት ቀጥቃጭ ነው። የቡና ገለፈት የሚፈላበትን ማሰሮ የሠራችው የአሪ ሸክላ ሠሪ ናት። በፊልሙ ስለቱን የያዘው ቫምፓየሩን ያድናል፤ በእኛ አገር ግን ስለቱን የሠራውን ራሱን ቫምፓየር ብለነው እናርፋለን። ዊስለር በጋራዡ ውስጥ ብረት እያቀለጠ ሰይፍና ጥይት የሚሠራ ሰው ነው። እዚህ ቢወለድ ኖሮ ማስታወቂያው የሚያድነው እርሱን ነበር!

ፊልሙን በደንብ ያየ ሰው ይህ ድንገት ያመጣሁት ነገር እንዳልሆነ ይረዳል። የቫምፓየሮቹ ጠብ ራሱ ስለ ዘር ነው። በላይ የተቀመጡት አለቆች ቫምፓየር ሆነው የተወለዱ ናቸው፤ «ንጹሕ ደም» ነን ይላሉ። ፍሮስት ግን ሰው ሆኖ ተወልዶ ኋላ ተነክሶ የተለወጠ ስለ ሆነ ከጉባኤያቸው ያንቋሽሹታል። ቂሙ ከዚህ የመነጨ ነው። የሚያሳዝነው ግን ልዩነቱን ለማጥፋት አይደለም የተነሣው፤ እርሱ ራሱ ከሁሉ በላይ ተቀምጦ ሌላውን ለመርገጥ ነው። አሥራ ሁለቱን ንጹሓነ ደም ሠውቶ በብሌድ ደም አምላክ ለመሆን ይሞክራል። የተናቀ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ንቀቱን ራሱን ሊወርስ እንደሚችል ይህ ክፍል ከብዙ የታሪክ ንግግር ይልቅ ያሳያል።

ስለ ንጹሕ ደም ከተነሣ ዘንድ፣ ስለ እኛው አካባቢ የተደረገ አንድ ጥናት መጥቀስ እወዳለሁ፤ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ቢያነብቡት ይጠቀማሉ። በ2015 ዓ.ም. ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ የአሪ አራሾችንና የአሪ ብረት ቀጥቃጮችን ዲ.ኤን.ኤ. አነጻጸሩ። ከዚያ በፊት ሁለት አሳብ ነበር። አንደኛው ቀጥቃጮቹ ከአራሾቹ በፊት በአገሩ የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሬታ ናቸው ይላል። ሁለተኛው ሁለቱም አንድ ሕዝብ ነበሩ፤ የለያቸው ሥራው ነው ይላል። ጥናቱ የደገፈው ሁለተኛውን ነው። ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው፤ ዛሬ የሚታየው ልዩነት የመጣው ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው። ልብ በሉ፤ ልዩነቱን የፈጠረው መገለሉ ነው፤ መገለሉን የፈጠረው ልዩነቱ አይደለም። እኛ «ደማቸው ሌላ ነው» ብለን አገለልናቸው፤ ካገለልናቸው በኋላ ደማቸው ጥቂት ሌላ ሆነ፤ ከዚያ ተመልሰን «አላልንምን?» አልን።

በዚህ ግቢ የእናቱን ሥራ ሲጠየቅ «ነጋዴ ናት» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ አለ። ምን እንደምትሸጥ አይናገርም። ማሰሮዋን ራስዋ ሠርታ፣ ራስዋ ተሸክማ ገበያ አውጥታ፣ በዚያው ዋጋ ደብተር የገዛችለት እናት ናት። ያን ማስታወቂያ በየቀኑ በአጠገቡ ሲያልፍ ምን እንደ ተሰማው አልጠየቅሁትም፤ ለመጠየቅም መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

«ታዲያ ቫምፓየርን ምን እንበለው?» የሚል ቢኖር፣ እንደ እኔ አስተያየት ቃሉን እንዳለ መውሰድ ይቻላል፤ ፊልም፣ ሲኒማ፣ ቪዲዮ እንዳልነው። አማርኛ ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ ደግሞ «ደም መጣጭ» አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ጭሰኛውን የሚበዘብዘውን ባለ መሬት በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ስሙ የሚናገረው የሰውን ሥራ ነው፤ የሰውን ልደት አይደለም። ቡዳ የሚወለድ ነው ይሉናል፤ ደም መጣጭ ግን መምጠጡን ቢተው ስሙ ይቀርለታል።

አሁን የማልወድለትን ልናገር። በፊልሙ ውስጥ ካረን የምትባል የደም ሐኪም አለች። ተነክሳ ልትለወጥ የቀራት ጥቂት ጊዜ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ እርግማን፣ ስለ ዘርና ስለ ትንቢት ሲያወራ እርስዋ ደሙን ወስዳ በማጉያ መነጽር ትመረምረዋለች፤ በሽታ ነው ትላለች። ሲክል ሴል ለተባለው የደም በሽታ ታጠናው በነበረው የጂን ሕክምና መንገድ መድኀኒት ታገኝለታለች፤ ራስዋንም ትፈውሳለች። ይህን የጻፉት በ1998 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. የአሜሪካ መድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ለሲክል ሴል ሁለት የጂን ሕክምናዎችን ፈቅዷል። በልብ ወለድ የተነገረው በ25 ዓመት ውስጥ ሐኪም ቤት ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ መድኀኒቱ ከተገኘ ዘንድ፣ ተነክሰው የተለወጡት ሁሉ ሊድኑ ይችላሉ ማለት አይደለምን? የካረን የሥራ ባልደረባ ሊድን ይችል ነበር። የብሌድ እናት ልትድን ትችል ነበር። ፍሮስት ራሱ፣ ያ ሁሉ ቂሙ የመጣበት ንክሻ፣ ሊነቀልለት ይችል ነበር። ፊልሙ ግን ይህን ታላቅ ግኝት ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ወደ ሰይፉ ይሮጣል። በመጨረሻው ካረን ልፈውስህ ብትለው ብሌድ እምቢ ይላል፤ የተሻለ ማስታገሻ ሥሪልኝ ብሎ ሞስኮ ሄዶ ማደኑን ይቀጥላል። በደም አይፈረድም ብሎ የጀመረ ፊልም፣ የተነከሰውን ሁሉ በደሙ ፈርዶበት ያበቃል።

ጓደኞቼ «የድብድብ ፊልም ነው፤ ሁሉ ከዳነ ድብድቡ ከየት ይመጣል?» ብለው ስቀውብኛል። ክርክራቸው እውነትነት አለው፤ ቲኬት የሚሸጠው መርፌ አይደለም። እኔም ብሆን ብሌድ በአየር ላይ ሲገለበጥ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉን የጻፈው ሰው ራሱ በሩን ከፍቶ ሳለ ሳይገባበት በመቅረቱ ነው የምወቅሰው። ሐኪሟን ባያመጣት ኖሮ እኔም ባልጠየቅሁ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል፣ በ2002 ዓ.ም. ጊሌርሞ ዴል ቶሮ ያዘጋጀው፣ በሚቀጥለው ወር ይታያል ተብሏል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ታሪኩን አበላሸህብን እንዳትሉኝ እንጂ። ዊስለር ቫምፓየሮች እጅ ወድቆ ተለውጦ ይገኛል። ብሌድ ወስዶ መድኀኒቱን ይወጋውና በአንድ ሌሊት ይድናል። ለወዳጅ የሠራ መድኀኒት ለእናቱ ስለ ምን እንዳልተሞከረ፣ ከፊልሙ በኋላ ወንበራችንን ሳንለቅ በአዳራሹ እንነጋገርበት፤ ያቺም እኅታችን መጀመሪያ ትናገር። ማስታወቂያውን የሚጽፈው ወንድማችን ደግሞ ቀለሙን ከመበጥበጡ በፊት ያነጋግረኝ፤ ወረቀቱንና ብሩሹን እኔ አመጣለሁ።